ሄንሪ ዳርሲ፤ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፈውን ውሃ የለካው መሐንዲስ

በነዳጅ ዘይት ጉድጓድ ሥራ የተሰማራ ባለሙያ ሁሉ በየዕለቱ አንድ ስም ይጠራል። ከከርሰ ምድር የወጣ ዐለት ፈሳሽን የማሳለፍ ችሎታው ምን ያህል ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልሱ የሚሰጠው በዳርሲ ወይም በሚሊዳርሲ ነው። በቅርብ ዓመታት ናኖ ቅንጣት የተባሉትን እጅግ ደቃቅ ነገሮች ወደ ጉድጓድ በመጨመር ውሃውን ለማገድና ዘይቱን ለማስወጣት የሚደረገው ምርምር እየሰፋ መጥቷል፤ የዚህም ምርምር ውጤት የሚመዘነው በዚሁ ስም በሚጠራው ሕግ ነው። ይሁን እንጂ ስሙ የመለኪያ ስም ከመሆኑ በፊት የአንድ ሰው ስም እንደ ነበረ የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው። ሄንሪ ዳርሲ ለነዳጅ ዘይት አንዲት ጉድጓድ እንኳ ያላስቆፈረ፣ የሙያ ዘመኑን በሙሉ በውሃ፣ በመንገድና በባቡር ሐዲድ ሥራ ያሳለፈ የመንግሥት መሐንዲስ ነበረ። ለዘይት ጉድጓድ ባለሙያዎች መመሪያ የሆነውን ሕግ ያገኘውም ለተወለደባት ከተማ ሕዝብ ንጹሕ ውሃ ለማጠጣት ሲደክም ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳርሲ የተወለደው ሰኔ 10 ቀን 1803 በፈረንሳይ አገር፣ በቡርጎኝ ግዛት፣ በዲዦን ከተማ ነው። አባቱ የመንግሥት ሠራተኛ ነበረ። ነገር ግን ልጁ ገና የ14 ዓመት ታዳጊ ሳለ በ1817 ሞተ። እናቱም በባሏ ሞት ሳትበገር ልጆቿ ትምህርታቸውን እንዳያቋርጡ ብርቱ ጥረት አደረገች። ጥረቷም ፍሬ ስላፈራ ዳርሲ በ1821 በፓሪስ ወደሚገኘው ወደ ዝነኛው ኤኮል ፖሊቴክኒክ ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያ ዘመን የፈረንሳይ የሥራ መሐንዲሶች ሁሉ ወደሚወጡበት ወደ ድልድይና መንገድ ትምህርት ቤት ተዛወረ። በ1826 ትምህርቱን ፈጽሞ በመንግሥት የመሐንዲሶች ጓድ ውስጥ ተመደበ፤ ብዙም ሳይቆይ የትውልድ ከተማው ወደምትገኝበት ወደ ኮት ዶር አውራጃ ተመለሰ። በ1828 ሄንሪዬት ኬሪ የተባለችውን የእንግሊዝ ተወላጅ አገባ።

ዲዦን በዚያን ጊዜ በውሃዋ የምትታማ ከተማ ነበረች። ነዋሪዎቿ የሚጠጡት በየሰፈሩ ከተቆፈሩት ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች ሲሆን፣ ከተማይቱን አቋርጦ የሚሄደው የሱዞን ወንዝ የቆሻሻ መውረጃ ሆኖ ነበር። በ1832 ኮሌራ በፈረንሳይ አገር ገብቶ ብዙ ሕዝብ ስለ ፈጀ፣ የከተሞች ንጽሕና ጉዳይ የመሐንዲሶች ብቻ ሳይሆን የሕይወትና የሞት ጉዳይ መሆኑ ለሁሉም ታወቀ። ከዚህ ቀደም ብሎ በ1830 ግድም የከተማይቱ ሹማምንት በሳን ሚሼል አደባባይ ጥልቅ ጉድጓድ በመሣሪያ አስቆፍረው ነበር። ውሃው ከታች በራሱ ግፊት ገንፍሎ እንዲወጣ ተስፋ ቢደረግም፣ የተገኘው መጠን ለከተማው ፍላጎት የሚበቃ ሳይሆን ቀረ። ዳርሲ የዚህን ጉድጓድ ውጤት በቅርብ አጥንቷል። ከመሬት በታች ውሃ መኖሩ ብቻውን በቂ አለመሆኑን፣ ውሃው በዐለቱ ውስጥ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያልፍም መታወቅ እንዳለበት ያስገነዘበ ትምህርት ነበረ።

ዳርሲ በ1834 ለከተማው ምክር ቤት አንድ ጥናት አቀረበ። ጥናቱ ከከተማይቱ ውጭ ከሚገኘው ከሮዝዋር ምንጭ ንጹሕ ውሃ ከመሬት በታች በተሠራ ዝግ ቦይ ወደ ዲዦን እንዲመጣ የሚያሳስብ ነበረ። ምክር ቤቱ በማግሥቱ ዓመት ዕቅዱን ተቀበለ። በ1837 መጨረሻም ሥራው ለሕዝብ ጥቅም የሚውል መሆኑ በንጉሣዊ ውሳኔ ጸደቀ። ቁፋሮው መጋቢት 21 ቀን 1839 ተጀምሮ፣ መስከረም 6 ቀን 1840 ውሃው በፖርት ጊዮም አጠገብ ወደ ተሠራው ማጠራቀሚያ ደረሰ። የቦዩ ርዝመት 12.7 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ውሃው አንድም የውሃ መግፊያ ሞተር ሳያስፈልገው በመሬቱ ተዳፋትነት ብቻ ይወርድ ነበር። በ1844 በከተማይቱ ውስጥ የተዘረጋው የቧንቧ መስመር 28,000 ሜትር ያህል ደረሰ። በየመንገዱም አንዱ ከሌላው 100 ሜትር ያህል እየተራራቁ 142 የሕዝብ ቦኖዎች ተተከሉ። በዚያ ዘመን ከታላላቆቹ የአውሮፓ ከተሞች ብዙዎቹ እንዲህ ያለ የተሟላ የውሃ አገልግሎት አልነበራቸውም።

ለዚህ ሥራ ዳርሲ በሕግ የሚገባው የአገልግሎት ክፍያ 55,000 ፍራንክ ያህል ነበረ። እርሱ ግን ገንዘቡን ሳይቀበል ለከተማይቱ ተወላት። ከተማይቱም በበኩሏ የወርቅ ሜዳይ ሸለመችው፤ ለቤቱም የሚያስፈልገው ውሃ ዕድሜ ልኩን በነፃ እንዲሰጠው ወሰነች። ባለጸጋ ያልነበረ፣ በእናቱ ጥረት የተማረ የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ያህል ገንዘብ መተዉ ስለ ጠባዩ ብዙ ይናገራል። ለእርሱ ሙያ ማለት የተማረበትን አገር ዕዳ መክፈያ ነበረ።

ከውሃው ሥራ ጎን ለጎን ከፓሪስ ወደ ሊዮን የሚዘረጋው የባቡር ሐዲድ በዲዦን በኩል እንዲያልፍ ተሟገተ። ብዙዎች ተራራው አያሳልፍም ብለው በሚከራከሩበት ጊዜ፣ በብሌዚ ላይ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዋሻ ሊቆፈር እንደሚችል በጥናት አሳየ። መስመሩም በኋላ በዚያው አቅጣጫ ተሠራ። ነገር ግን በ1848 በፈረንሳይ አብዮት ፈንድቶ መንግሥት ሲለወጥ፣ አዲሶቹ ባለሥልጣኖች ይህን ያህል ከበሬታና ተሰሚነት ያለው የቀድሞ ሹም በዲዦን እንዲቆይ አልፈለጉም። ከሚወዳት ከተማ ተነሥቶ ወደ ቡርዥ ተዛወረ። ይሁንና ችሎታው ተፈላጊ ስለ ነበረ ብዙም ሳይቆይ ወደ ፓሪስ ተጠርቶ የዋና ከተማይቱ የውሃና የመንገድ ንጣፍ ሥራ ኃላፊ ሆነ።

ለሌላ ሰው መሰናክል የሚሆነው ይህ ዝውውር ለዳርሲ የምርምር በር ከፈተለት። በፓሪስ በሻዮ በተለያዩ ቧንቧዎች ውስጥ የሚያልፈውን ውሃ በጥንቃቄ መለካት ጀመረ። እስከዚያ ድረስ መሐንዲሶች ይገለገሉባቸው የነበሩት ቀመሮች የቧንቧው የውስጥ ግድግዳ ልስላሴ ወይም ሻካራነት በውሃው ፍሰት ላይ ለውጥ አያመጣም በሚል አሳብ የተመሠረቱ ነበሩ። ዳርሲ አዲስ ቧንቧና ዝገት ወይም ዝቃጭ ያደረበት አሮጌ ቧንቧ አንድ ዓይነት ውሃ እንደማያሳልፉ በልኬት አረጋገጠ። ውጤቱም በ1857 ታትሞ ወጣ። በዚህ ሥራ የተገለጠው ዋና ጠባዩ፣ ከመምህራኑ የወረሰውን ቀመር እንኳ ቢሆን ሳይፈትን አለመቀበሉ ነበረ።

ይህን ሁሉ በሚሠራበት ጊዜ ጤናው ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። በ1855 ከምርምር በቀር ከሌላው የመሥሪያ ቤት ኃላፊነት ሁሉ እንዲያርፍ ያቀረበው ጥያቄ ተፈቅዶለት ወደ ዲዦን ተመለሰ። በሽተኛ ሰው ወደ ትውልድ ከተማው ሲመለስ ዕረፍትን ይመኛል ተብሎ ይታሰባል። ዳርሲ ግን በተመለሰበት ዓመት መከር ወራት፣ ቻርልስ ሪተር ከተባለ መሐንዲስ ጋር፣ በከተማይቱ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ አንድ የብረት ቱቦ ቀጥ አድርጎ አቆመ።

ጥያቄው ቀላል ይመስል ነበር። በዚያ ዘመን የወንዝ ውሃን በአሸዋ አጣርቶ ለከተማ ማደል እየተለመደ ሄዷል፤ ነገር ግን አንድ የአሸዋ ማጣሪያ በሰዓት ምን ያህል ውሃ እንደሚያሳልፍ አስቀድሞ የሚያስላበት ደንብ ያለው ማንም አልነበረም። ማጣሪያው ይሠራል፣ ይለካል፣ ከዚያም ያነሰ ወይም የበዛ መሆኑ ይታወቃል። ዳርሲ ይህን ግምት በስሌት ለመተካት አሰበ።

ቱቦው የውስጡ አግድመት 35 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ከሶን ወንዝ በመጣ አሸዋ ተሞላ። ከአሸዋው ጠቅላላ ይዘት በመቶ 38 ያህሉ በፍሬዎቹ መካከል ያለ ባዶ ቦታ ነበረ። ውሃው ከሆስፒታሉ ቧንቧ ከላይ ገብቶ በአሸዋው ውስጥ እየሠረገ ከታች በመለኪያ ዕቃ ውስጥ ይወርዳል። ከላይና ከታች ያለው ግፊት በባዚቃ መለኪያ ይነበባል። ሥራው ሁልጊዜ የተስተካከለ አልነበረም፤ በሆስፒታሉ ውስጥ ሰዎች የውሃ ቧንቧ በከፈቱና በዘጉ ቁጥር የባዚቃው ዐምድ ከፍና ዝቅ እያለ ያስቸግር ነበር። ዳርሲና ሪተር የዚህን ውዝዋዜ አማካይ እየወሰዱ መለካታቸውን ቀጠሉ። ጥቅምት 29 እና 30፣ ከዚያም ኅዳር 2 ቀን 1855 የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ተደረጉ።

የተገኘው ውጤት በሁለት መስመር ቁጥር ሊገለጥ ይችላል። 58 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የአሸዋ ንብብር ላይ የግፊቱ ልዩነት 1.11 ሜትር ውሃ በሆነ ጊዜ በደቂቃ 3.60 ሊትር አለፈ። ልዩነቱ ወደ 2.36 ሜትር ከፍ ሲል የሚያልፈው ውሃ 7.65 ሊትር ሆነ። ሁለተኛው ለመጀመሪያው ቢካፈል፣ በሁለቱም ጊዜ ድርሻው 3.24 ያህል ነው። ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ውሃውም እጥፍ ይሆናል። የአሸዋው ንብብር ሲወፍር ደግሞ ውሃው በዚያው ልክ ይቀንሳል። በየካቲት 1856 ሪተር የታችኛውንም ግፊት እየለዋወጠ ሙከራውን ደገመው። ፍሰቱን የሚወስነው ላይኛው ወይም ታችኛው ግፊት ለብቻው ሳይሆን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው አንድ ቁጥር ብቻ ነበረ፤ እርሱም የአሸዋው የራሱ ጠባይ፣ ፈሳሽን የማሳለፍ ችሎታው ነው።

ዳርሲ ይህን ግኝት በታላቅ አዋጅ አላወጀውም። በ1856 ስለ ዲዦን ከተማ የሕዝብ ምንጮች ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ በአባሪነት አስገባው። መጽሐፉ ስለ ቦዮች፣ ስለ ቧንቧዎችና ስለ ማጠራቀሚያዎች የሚዘረዝር ከ600 ገጽ በላይ የሆነ የሥራ ማስታወሻ ነው። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚጠቀሱት ገጾች ግን እነዚያ ጥቂት የአባሪ ገጾች ናቸው። ከዚያም በኋላ ከረዳቱ ከሄንሪ ባዛን ጋር በቡርጎኝ ቦይ ላይ ስለ ክፍት ቦዮች ፍሰት ሌላ ሰፊ ሙከራ ጀመረ። ፍጻሜውን ለማየት ግን አልታደለም። ወደ ፓሪስ በሄደበት ጊዜ በሳንባ ምች ታሞ ጥር 3 ቀን 1858 በ54 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑ ወደ ዲዦን ተመልሶ በዚያ ተቀበረ። ከተማይቱም የውሃ ማጠራቀሚያው የሚገኝበትን አደባባይ በስሙ ጠራች። ባዛን የተጀመረውን ሥራ ፈጽሞ በ1865 አሳተመው።

ዳርሲ በሞተ በማግሥቱ ዓመት፣ በነሐሴ 1859፣ በአሜሪካ አገር በፔንሲልቬንያ፣ በታይተስቪል አጠገብ ኤድዊን ድሬክ ያስቆፈረው ጉድጓድ 21 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ዘይት አገኘ። የዘይት ኢንዱስትሪ የተወለደው ለእርሱ መመሪያ የሚሆነውን ሕግ ያገኘው ሰው ባረፈ በ20 ወር ውስጥ ነው። ሁለቱ ነገሮች እስኪገናኙ ግን ብዙ ዓመታት አለፉ። በ1863 ዡል ዱፑዊ የዳርሲን ሕግ ከየአቅጣጫው ወደ ጉድጓድ ለሚጎርፍ ውሃ እንዲያገለግል አድርጎ አስፋፋው። በ1930ዎቹ ደግሞ ሞሪስ መስካትና የሥራ ባልደረቦቹ በአሜሪካ ሕጉን ለዘይትና ለጋዝ ፍሰት አዋሉት። የፈሳሹን ዝልግልግነት ከዐለቱ ጠባይ ለይተው በማስቀመጥም በ1933 የማሳለፍ ችሎታ መለኪያው ዳርሲ ተብሎ እንዲጠራ ሐሳብ አቀረቡ። አንድ ዳርሲ ማለት አንድ ሴንቲፖይዝ ዝልግልግነት ያለው ፈሳሽ፣ በአንድ ሳንቲ ሜትር ርዝመት የአንድ አትሞስፌር የግፊት ልዩነት ሲኖር፣ በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ስፋት በሴኮንድ አንድ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር እንዲያልፍ የሚፈቅድ የዐለት ችሎታ ነው።

የናኖ ቅንጣት ምርምር ከዚህ ሕግ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ዘይት ከመሬት በታች የሚገኘው ብዙዎች እንደሚመስላቸው በሐይቅ መልክ ሳይሆን፣ በዐለት ንዑሳን ቀዳዳዎች ውስጥ ታምቆ ነው። ዘይቱን ለመግፋት ብዙ ጊዜ ውሃ ይጨመራል። ውሃ ግን በሕጉ መሠረት የማሳለፍ ችሎታው ከፍ ያለውን ንብብር መርጦ ይሄዳል፤ በጠባቡ ንብብር ውስጥ ያለው ዘይት ሳይነካ ይቀራል፤ ጉድጓዱም ቀስ በቀስ ከዘይት ይልቅ ውሃ የሚተፋ ይሆናል። ያረጁ ጉድጓዶች ከዘይቱ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ውሃ የሚያወጡበት ጊዜ አለ። ይህን ውሃ መለየት፣ ማጣራትና ማስወገድ ከባድ ወጪ ያስከትላል።

ስለዚህ መሐንዲሱ ሊለውጠው የሚፈልገው ዳርሲ ለአሸዋው የተወውን ያን አንድ ቁጥር ነው። ውሃው የሚሮጥበት ንብብር የማሳለፍ ችሎታ ዝቅ እንዲል፣ የዘይቱ መንገድ ግን እንዳይዘጋ ያስፈልጋል። አንድ ናኖ ሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ከጥቂት እስከ 100 ናኖ ሜትር የሚደርሱ የሲሊካ ቅንጣቶች በውሃ ውስጥ ተበትነው ሲገቡ፣ ደቃቅ ዱቄት በወንፊት እንደሚያልፍ ሁሉ፣ በማይክሮ ሜትር በሚለካው የዐለት ቀዳዳ ውስጥ ሳይሰነቀሩ ያልፋሉ። ፈሳሹ ሲገባ እንደ ውሃ ቀጭን ነው። በተወሰነ የጨው መጠን ወይም በሙቀት ምክንያት ከሰዓታት በኋላ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተያይዘው እንደ ረጋ አጥሚት ይጠነክራሉ፤ የውሃውንም መንገድ ይዘጋሉ። ሌሎች ቅንጣቶች ደግሞ ለተቃራኒው ዓላማ ይውላሉ። ማግኒዥየም ኦክሳይድ የመሳሰሉት ወደ ጉድጓዱ በሚገባው አሸዋ ላይ ሲለበጡ፣ በኤሌክትሪክ ሙላታቸው ተንሳፋፊውን የሸክላ ትቢያ ስበው ስለሚይዙ፣ ትቢያው ወደ ጉድጓዱ አፍ ተሰብስቦ መተላለፊያውን እንዳይደፍን ይረዳሉ።

ይህ ዘዴ ተስፋም አደጋም አለው። ቅንጣቶቹ ከታሰበው ቦታ ሳይደርሱ ቢረጉ፣ ወይም የውሃውን ትተው የዘይቱን መንገድ ቢዘጉ፣ ሊድን የነበረው ጉድጓድ ራሱ በመድኃኒቱ ይሞታል፤ የረጋውንም መልሶ ማሟሟት እጅግ ያስቸግራል። ከዚህም የተነሣ አብዛኛው ሥራ እስካሁን በቤተ ሙከራ የሚደረግ ሲሆን፣ በመስክ ላይ የዋለው ገና ጥቂት ነው። በቤተ ሙከራ የሚደረገውም ፈተና የሚከተለውን ይመስላል። ከጉድጓዱ የወጣ የዐለት ቁራጭ በብረት ዕቃ ውስጥ ይታሸጋል። ጨዋማ ውሃ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ በሁለቱ ጫፎች ያለው የግፊት ልዩነትና በደቂቃ የሚወጣው ፈሳሽ ይለካል። ከዚያም ናኖ ቅንጣቱ ይጨመራል፤ ይጠበቃል፤ ልኬቱም እንደገና ይደገማል። የሁለቱ ልኬቶች ልዩነት ፍርዱ ነው።

ይህ መሣሪያ በዲዦን ሆስፒታል ግቢ ከቆመው ቱቦ የሚለየው በመጠኑና በጥራቱ እንጂ በአሠራሩ አይደለም። የዛሬው ተመራማሪ የያዘው ቅንጣት በዳርሲ ዘመን ሊታይ ቀርቶ ሊታሰብ የማይቻል ነበረ፤ የሚመልሰው ጥያቄ ግን ያው ነው። ምን ያህል ግፊት፣ ምን ያህል ፈሳሽ፣ በምን ያህል ርዝመት?

የሄንሪ ዳርሲ ሕይወት ለሙያ ባልደረቦች የተወው ትምህርት ከቀመሩ ይልቅ በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ ይገኛል። የሳን ሚሼል ጉድጓድ በተስፋ ተቆፍሮ ከሸፈ፤ የሮዝዋር ውሃ ግን ተለክቶ መጣ። ፈሳሽን በፈለገው መንገድ ሊመራ የሚነሣ መሐንዲስ አስቀድሞ ፈሳሹ በራሱ መንገድ እንዴት እንደሚሄድ መለካት አለበት። ዳርሲ ይህን ያደረገው ሕመም በጸናበት ጊዜ፣ ባዚቃው በሚዋዥቅበት ግቢ ውስጥ፣ የማንንም ጭብጨባ ሳይጠብቅ ነበረ። በአባሪ ገጽ ያስቀመጠው ልኬት እስከ ዛሬ ድረስ ጉድጓዶችን ያድናል፤ የማይድኑትንም አስቀድሞ ያሳያል።